ደመወዝ ይመዘገባል፣ ጉዳት ይሸመገላል

በወልቂጤ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራ ነጋዴ ወሩ ባለቀ ቁጥር የማይዘነጋው ወረቀት ቢኖር ፔይሮል ነው። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ መነሻ ደመወዝ፣ የትራንስፖርት አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ጠቅላላ ገቢ፣ የሥራ ግብር፣ የጡረታ 7 በመቶ፣ የተጣራ ተከፋይ፣ ፊርማ። ይህ ሠንጠረዥ በራሱ በነጋዴው ወይም በየወሩ እየተከፈለው በሚሠራለት የሂሳብ ባለሙያ ተሞልቶ በ30 ቀን ውስጥ ገቢዎች ጋ መድረስ አለበት። ከዘገየ መቀጮና ወለድ ይቆጥራል። ዓመቱ ሲያልቅም ክሊራንስ ያለ እሱ አይገኝም፤ ያለ ክሊራንስ ደግሞ ንግድ ፈቃድ አይታደስም።

ያ ሁሉ ዓምድ ተሞልቶ ሲያልቅ የማይታይ ሰው አለ። በዚያው ወር ጣቱን ሰርኩላር የወሰደበት የጣውላ ቤት ሠራተኛ፣ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ግንበኛ፣ የፍሌክስ ፍንጣሪ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ብየዳ ሠራተኛ በሠንጠረዡ ላይ ቢኖሩም ያሉት እንደ ደመወዝተኛ እንጂ እንደ ተጎጂ አይደለም። የአገሪቱ ሕግ አሠሪውን ደመወዙንም ጉዳቱንም እንዲመዘግብና ለመንግሥት እንዲያሳውቅ ያዘዋል። አንዱ ሪፖርት በየወሩ ይገባል፣ ሌላው ግን የለም። ብዙ ሰው ሁለቱን የማይገናኙ ጉዳዮች አድርጎ ያያቸዋል፤ አንዱን የገቢዎች፣ ሌላውን የሥራ ቢሮ ጣጣ። በእኔ ዕይታ ግን የአንድ ሂሳብ ሁለት ገጾች ናቸው። ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ያስመዘገበ አሠሪ የሠራተኛውን የእጅና የእግር ካሣም አብሮ ዝቅ አድርጎታል።

ሕጉ የሚያዘው

የሥራ ቦታን በሕግ የመቆጣጠር ታሪካችን ቢያንስ እስከ 1936 ዓ.ም. የፋብሪካዎች አዋጅ ቁጥር 58 ድረስ ወደኋላ ይሄዳል። ዛሬ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን፣ የቀደመውን 377/1996 ተክቶ የወጣ ነው። ይህ አዋጅ ለትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ የወጣ የሚመስላቸው አሠሪዎች ጥቂት አይደሉም። አንድ ሠራተኛ የቀጠረ ሱቅም ሆነ ሁለት ረዳት ያለው ጋራዥ በአዋጁ ውስጥ ነው። ከአዋጁ ውጪ የሆኑት እንደ ቤት ሠራተኛ፣ የሥራ መሪና የመንግሥት ሠራተኛ ያሉ በስም የተለዩ ግንኙነቶች ናቸው።

ደመወዝን በተመለከተ አሠሪው ጠቅላላ ክፍያውን፣ የአሰላሉን ዘዴ፣ የተቀነሰውን ሂሳብ ዓይነትና መጠን፣ የተጣራውን ክፍያና የሠራተኛውን ፊርማ የያዘ መዝገብ መያዝ አለበት። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወይም አግባብ ያለው ባለሥልጣን ሲጠይቅም በተገቢው ጊዜ ማቅረብ አለበት። መዝገቡን አለመያዝም ሆነ አለማቅረብ በገንዘብ ያስቀጣል። በዚህ ላይ የገቢ ግብር አዋጁ (979/2008) በየወሩ ግብር ቀንሶ እንዲያስገባ፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ (1268/2014) ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ጨምሮ በድምሩ 18 በመቶ እንዲያስገባ ያስገድዱታል።

የጉዳቱ ክፍልም ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ አንቀጽ 92 አሠሪው የሚያስፈልጉትን የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎች እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛው ስለ ሥራው አደገኛነት ትምህርት እንዲያገኝ እንዲያደርግ፣ የሚደርሱ አደጋዎችንና ከሥራ የሚመጡ በሽታዎችን እንዲመዘግብና ለቁጥጥር አገልግሎቱ እንዲያሳውቅ ያዛል። አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጠትና ተጎጂውን አቅራቢያው ወዳለ ሕክምና ማድረስም የሱ ግዴታ ነው። ከሁሉም ክብደት ያለው ግን የኃላፊነቱ መሠረት ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ከዚህ የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ ወይም ሰክሮ ሥራ መግባትም እንደዚያው ይቆጠራል።

ስለዚህ በሕጉ ዓይን አደጋን መደበቅ ለአሠሪው ምንም ትርፍ የለውም። ቢደብቀውም ባይደብቀውም ኃላፊ ነው። በተግባር ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ያሳወቀ ወጪ ሲያወጣ የደበቀ በሰላም ያድራል።

ለምን አንዱ ደረሰ፣ ሌላው ቀረ?

ልዩነቱ ነጋዴው ለደመወዝ ሪፖርት ሕሊና ስላለው ለጉዳት ግን ስለሌለው አይደለም። ልዩነቱ በጠያቂው ላይ ነው። ገቢዎች ፔይሮሉን የሚፈልገው ከእሱ ገንዘብ ስለሚያገኝ ነው፤ ቅጽ፣ የጊዜ ገደብ፣ መቀጮ፣ ክሊራንስ የሚባል መያዣም አለው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ደግሞ በሕግ የተሰጠው ሥልጣን ሰፊ ነው። በሥራ ሰዓት ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ወደ ሥራ ቦታ መግባት፣ መዝገብ ማየት፣ ሠራተኛ ማነጋገር ይችላል። ነገር ግን የአደጋ ሪፖርት ያላስገባ ነጋዴን ፈቃዱን ለማሳደስ ሲሄድ የሚያስቆመው መሥሪያ ቤት የለም። ሕግ ሁለቱን እኩል ቢያዝም አሠራሩ አንዱን ብቻ እግር ሰጥቶታል።

የደመወዙ መረጃም ቢሆን መድረሱ ብቻ በቂ አይደለም። በገቢዎች ፋይል ውስጥ ያለው አኃዝ ግብር ለመሰብሰብ እንጂ ሰው በዚህ ከተማ በምን ደመወዝ እንደሚኖር ለማወቅ አልተሠራም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው። በወልቂጤ ሆቴሎች አስተናጋጇና አስተናጋጁ እኩል ይከፈላቸው እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን ያ ሁሉ ፔይሮል ገብቶም መልስ አያገኝም፤ አኃዙ በጾታና በሥራ ዓይነት ተጠቃልሎ አይወጣማ። አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ሲደነግግ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ጥያቄውን በየሜይ ዴይ ሲያነሳው ቆይቷል። ቦርዱ ነገ ጠዋት ቢቀመጥ ግን የመጀመሪያ ጥያቄው ዛሬ ሠራተኛው ስንት እያገኘ ነው የሚለው ይሆናል፤ የሚቀርብለት መልስ ደግሞ ግብር ለመቀነስ ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ነው።

የሁለት ፔይሮል ሂሳብ

እዚህ ጋ ሁሉም የሚያውቀውን፣ በአደባባይ ግን ማንም የማይናገረውን ነገር እናንሳ። በብዙ ሥራ ቦታዎች ሁለት ፔይሮል አለ፤ አንዱ ለገቢዎች፣ ሌላው ለካዝና። ሠራተኛው የሚፈርመው በመጀመሪያው ላይ ነው። የቀረውን በእጁ ይቀበላል፣ ወይም ደግሞ በውስጠኛው ደብተር ላይ ይፈርማል።

በምሳሌ እናስላው። እውነተኛ ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ የጣውላ ቤት ሠራተኛ አለ እንበል፤ ለገቢዎች የሚሄደው ሊስት ላይ ግን 3,000 ብር ተብሎ ተጽፏል። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ከግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። በአዲሱ ማስከፈያ ልክ 8,000 ብር 1,150 ብር የሥራ ግብር ያስከፍላል፤ 3,000 ብር ደግሞ 150 ብር ብቻ። በወር የተረፈው 1,000 ብር፣ በዓመት 12,000 ብር ነው። ሠራተኛውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ተካፋይ ስለሚመስለው አይቃወምም። ደመወዝ በተጣራ ክፍያ በሚነገርበት ቦታ ግን ትርፉ ሙሉ በሙሉ የአሠሪው ነው።

ይህ ሰው እጁን አጣ እንበል። አዋጅ 1156/2011 በጊዜያዊነት ከሥራ ለተለየ ተጎጂ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ ይሰጠዋል። በእውነተኛው ደመወዝ ከተሰላ የዓመቱ ድምር 66,000 ብር ይመጣል፤ በሊስቱ ከተሰላ 24,750 ብር። የሕክምና ቦርድ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ነው ብሎ ከወሰነና ሠራተኛው የመድንም የጡረታም ሽፋን ከሌለው፣ ካሣው የአምስት ዓመት ደመወዙ ነው። በ8,000 ብር ሂሳብ 480,000 ብር፣ በ3,000 ብር ሂሳብ 180,000 ብር ማለት ነው። ልዩነቱ 300,000 ብር ነው። በየወሩ 1,000 ብር ግብር እየተረፈው ያንን ጉድለት ለመሙላት 25 ዓመት ይፈጅበታል።

ጡረታ የተመዘገበለት ሠራተኛም ከዚህ አያመልጥም፤ የጉዳት ጡረታውም ሆነ የዕድሜ ጡረታው የሚሰላው በተመዘገበው ደመወዝ ላይ ነው። አሠሪው የሠራተኞች ጉዳት ካሣ መድን ገዝቶ ከሆነም ዓረቦኑ የተሰላው በገለጸው ደመወዝ መጠን ስለሆነ፣ ኩባንያው ባልተገለጸለት ገንዘብ ላይ ካሣ አይከፍልም። እውነቱን ለማስረዳት ፍርድ ቤት የሚሄድ ሠራተኛ ደግሞ ፊቱ የሚቀርብለት የገዛ ፊርማው ነው።

የአደጋው መዝገብ መኖር ያለበትም ለዚህ ነው። ጉዳቱ በደረሰ ቀን ስሙ፣ ሥራው፣ የሥራ ቦታው፣ ደመወዙ አብሮ ቢጻፍና ለቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ቢደርስ፣ ሁለቱ ቁጥሮች የሚገናኙበትና ውሸቱ የሚጋለጥበት ቦታ ይፈጠር ነበር። ሁለት ፔይሮል የሚይዝ አሠሪ የአደጋ ሪፖርት የማያስገባውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ሪፖርቱ ተቆጣጣሪ ያመጣል፣ ተቆጣጣሪው መዝገብ ይጠይቃል፣ መዝገቡ ደግሞ ሌላ ጉድ ያወጣል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ ነገሩ ለምን ይከብዳል?

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ከዩኒቨርሲቲው መከፈት ወዲህ ግንባታው የበረከተባት ከተማ ናት። የከተማዋ ቀጣሪ ጣውላ ቤቱ፣ ብረታ ብረቱ፣ ብሎኬት ማምረቻው፣ ጋራዡ፣ ሆቴሉና የግንባታ ሳይቱ ነው። ብዙዎቹ በጥቂት ሰው የሚሠሩ ናቸው። በሳይት ላይ ደግሞ አሠሪው ማን እንደሆነ ራሱ ያከራክራል። የሕንፃው ባለቤት ለተቋራጭ ይሰጣል፣ ተቋራጩ የፌሮውን ሥራ ለአንዱ፣ የግንቡን ለሌላው በቁርጥ ያሳልፋል፣ ቁርጥ ያዡ ጠዋት አደባባይ ላይ ከቆሙት የቀን ሠራተኞች መካከል የሚፈልገውን ይዞ ይሄዳል። ማታ ገንዘቡን ቆጥሮ ይለያያሉ። ያ ልጅ ከሦስተኛ ፎቅ ቢወድቅ በማን ፔይሮል ላይ ይፈለጋል? የማንም ላይ የለም። ለጉዳቱ ኃላፊ የሚሆነው ሰው በሕግ አለ፣ በወረቀት ግን የለም።

የሥራ በሽታ ደግሞ ከአደጋም ይበልጥ ይሰወራል። የማረቆ በርበሬ የሚፈጭበትን ወፍጮ ቤት ለአፍታ ገብቶ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ደንበኛው በነጠላው አፍንጫውን ይዞ ሲወጣ ፈጪው እዚያው ይውላል። ሳሉ በአንድ ቀን አይመጣም፣ በአንድ ቀን ስላልመጣም አደጋ አይባልም። አዋጁ ግን ከሥራ የመጣ በሽታን እንደ አደጋው ሁሉ መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል። በወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዘንድ ግን ሳል ወይ ብርድ ነው ወይ የልጁ ጠባይ።

ሌላው የአካባቢው ሀብት፣ በዚህ ጉዳይ ግን እንቅፋትም የሚሆነው፣ ሽምግልና ነው። በጉራጌ ዘንድ ጠብ በሽማግሌ ፊት የሚፈታበት ሥርዓት የጠለቀ ነው፤ የጆካ ሸንጎ ስሙ ከአካባቢው አልፎ ይታወቃል። ሠራተኛ ሲጎዳም ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ሥራ ቢሮ ሳይሆን ወደ ሽማግሌ ነው። አሠሪው አብዛኛውን ጊዜ የአገር ልጅ ነው፤ ልጁንም ያስቀጠረው አጎቱ ወይም የሰፈር ሰው ነው። «አንተ የሕክምናውን ሸፍን፣ ለቤተሰቡ ይህን ያህል ስጥ፣ አንተም ይቅር በል» ይባላል። ይህ ሥርዓት ፍርድ ቤት በዓመት የማይጨርሰውን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይጨርሳል፣ ዝምድናም አያበላሽም፤ ተጎጂውም ቢያንስ የሕክምናውን ገንዘብ ወዲያው ያገኛል።

ችግሩ ሽምግልናው የሚመዝነው የአሠሪውን አቅምና የቤተሰቡን ችግር እንጂ የሕጉን ልክ አለመሆኑ ነው። ዕርቁም ወረቀት ላይ ስለማይሰፍር ያው ሰርኩላር ያለ መከለያ ሲዞር ይቀጥላል፤ በሚቀጥለው ክረምት የሌላ ልጅ ጣት ይወስዳል፣ ሌሎች ሽማግሌዎችም ይሰበሰባሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ሽምግልና ግለሰቡን ይክሳል እንጂ ማሽኑን አያስተካክልም። ማሽኑን የሚያስተካክለው ሦስት ተመሳሳይ ጉዳት በአንድ ወረቀት ላይ ያየ ተቆጣጣሪ ነው።

መቁጠር ለዚህ አካባቢ ባዕድ አይደለም። ቡታጅራ በኢትዮጵያ የጤና ጥናት ታሪክ ስሟ የሚነሳው በቆጠራ ነው። በ1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም በተመረጡ አሥር ቀበሌዎች ውስጥ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የመጣና የሄደውን ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ሲመዘግብ ኖሯል። ብዙ ተመራማሪ በእሱ ሠልጥኗል፣ ስለ አገሪቱ የእናቶችና የሕፃናት ጤና የምናውቀው ብዙ ነገር ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ይህ የሆነው ኮምፒዩተር ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ደብተር በያዙ የአካባቢው ልጆች እግር ነው። እንግዲህ በቀበሌ ውስጥ ያለን ሞት መመዝገብ ከተቻለ በጣውላ ቤት ውስጥ ያለን አደጋ መመዝገብ አይቻልም የሚል ክርክር እዚህ አገር አይሠራም።

የአስተዳደሩ ሁኔታም ሳይነሳ አይታለፍም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቢሮዎቹ ሆሳዕናን፣ ወልቂጤንና ቡታጅራን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ተከፋፈሉ፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። አንድ መሥሪያ ቤት ከሌላው ጋር በወረቀት ካልተገናኘ በቀር በአካል የሚገናኝበት ዕድል ጠቧል ማለት ነው። ሆኖም አዲስ መዋቅር አዲስ ቅጽ ለማስገባት የተሻለ ጊዜ ነው፤ ልማድ ገና አልጠነከረም።

ከሌላው ዓለም ምን እንውሰድ?

በአሜሪካ በሥራ ላይ ሰው ከሞተ አሠሪው በ8 ሰዓት ውስጥ፣ ሆስፒታል የሚያስተኛ ጉዳት ወይም የአካል መቆረጥ ከደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። የዓመቱን የጉዳት ማጠቃለያም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ (በእነሱ አቆጣጠር) ሠራተኛ በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ካሊፎርኒያ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች የደመወዝ መረጃቸውን በጾታና በዘር ለይተው በየዓመቱ እንዲያቀርቡ ታዛለች። ብሪታንያ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 250 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው የወንዶችንና የሴቶችን የደመወዝ ልዩነት ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ ታስገድዳለች።

ከእነዚህ ሕጎች ግድግዳ ላይ መለጠፉን ብንወስድ እንጠቀማለን፤ ወጪው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፣ መጀመሪያ የሚያነበውም ራሱ ተጎጂው ነው። የመጠን ገደባቸውን ግን መቅዳት አይገባም። በአሜሪካ 10 እና ከዚያ በታች ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከዕለት ተዕለት የጉዳት ምዝገባ በአብዛኛው ነፃ ናቸው። ይህን መስመር ወደ ወልቂጤ ብናመጣው ከጣውላ ቤቱም ከብረታ ብረቱም ብዙዎቹ ነፃ ይወጡና ሕጉ የሚመለከተው ጥቂት ትልልቅ ተቋማትን ብቻ ይሆናል። እዚያ ትንንሾቹን ነፃ ያወጡት ብዙው ሠራተኛ በትልልቁ ስለተሸፈነ ነው። እዚህ ትንንሾቹን መተው ከተማውን መተው ነው።

ከራሳችን አገርም የሚጠቀስ አለ። ከቡታጅራ ብዙ በማይርቀው የዝዋይ አካባቢ ያሉት የአበባ እርሻዎች የአደጋና የኬሚካል አጠቃቀም መዝገብ የሚይዙት በአብዛኛው የአውሮፓ ገዢ ስለሚጠይቅና የዘርፉ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ ስለሚያስገድድ ነው። ለአዋጁ ያልታዘዘ ብዕር ለገዢው ይታዘዛል። የወልቂጤ ብሎኬት ማምረቻ ግን የውጭ ገዢ የለውም፤ የሚጠይቀው ሰው ከአገር ውስጥ መምጣት አለበት።

«ትንሹን ነጋዴ አታስጨንቁት» ለሚሉ

ይህ ተቃውሞ መልስ ይገባዋል። ግብሩ፣ ኪራዩ፣ የዕቃው ዋጋ ነጋዴውን አጣብቆ ይዞታል፤ ሌላ ቅጽ፣ ሌላ ወረፋ፣ ሌላ ተቆጣጣሪ ማለት ሌላ ጉቦ ማለት ነው የሚል ሰው ከመሬት ተነስቶ አይደለም የሚናገረው። አደጋውን በሐቀኝነት የሚጽፈው በሪፖርት ላይ አደገኛ መስሎ፣ የማይጽፈው ንጹሕ መስሎ መታየቱም እውነት ነው።

ለዚህም ነው አዲስ መሥሪያ ቤትና አዲስ ወረፋ የማያስፈልገው። በየወሩ ገቢዎች የሚሄደው ፔይሮል ግርጌ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «በዚህ ወር የደረሰ የሥራ ላይ ጉዳት ወይም የሥራ በሽታ፦ የለም / አለ»። ካለ ቀኑ፣ የሠራተኛው ተራ ቁጥር፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ ከሥራ የቀረባቸው ቀናት ይጻፉ። ገቢዎች ወረቀቱን ለሥራ መሥሪያ ቤቱ በወር አንድ ጊዜ ያስተላልፍ። «የለም» ብሎ የፈረመ ነጋዴ ኋላ ጉዳት ቢገኝበት የሚጠየቀው በዝምታው ሳይሆን በፊርማው ይሆናል። በዝምታና በሐሰት መካከል ያለው የሕግ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሲደፍር ሁለተኛውን ይፈራል።

ይህ መስመር ብቻውን እንዳይዋሽ ማመሳከሪያ ይፈልጋል፤ እሱም ሆስፒታሉ ነው። ከወልቂጤ ሳይት የወደቀ ሰው የሚወሰደው ወይ ጉብሬ ወዳለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው፣ ወይ ለአካባቢው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወዳገለገለው የአጣጥ ሆስፒታል። የታካሚ ካርድ ለሕክምና እንጂ ለሥራ ቁጥጥር አልተዘጋጀም። «ጉዳቱ የደረሰው ሥራ ላይ ነው? የት?» የሚል ጥያቄ ተጨምሮ ቁጥሩ በየወሩ ያለ ታካሚው ስም ቢተላለፍ፣ ሆስፒታሉ አሥር አይቶ ፔይሮሉ ዜሮ ካለ ተቆጣጣሪው ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ያሉት ተቆጣጣሪዎች ጥቂት ከሆኑ ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ጥቂት ሰው ያለው መሥሪያ ቤት በዘፈቀደ መዞር አይችልም።

ለግንባታ ሳይት ሪፖርት የሚያደርገው አንድ ሰው መሆን አለበት፤ የግንባታ ፈቃዱ ላይ ስሙ ያለው ዋና ተቋራጭ፣ ተቋራጭ ከሌለ ባለቤቱ። ከሥሩ ያሉት ቁርጥ ያዦች በውስጥ ይወራረዱ። ሽምግልናውም ይቀጥል፤ ዕርቁ ግን የማሳወቅ ግዴታን እንደማያስቀር ሽማግሌውም አሠሪውም ይወቁ፤ የስምምነቱ አንድ ቅጂ ሥራ ቢሮ ይግባ። ሽማግሌዎቹ የሕጉን የካሣ ልክ ጠይቀው ቢቀመጡ ደግሞ ዕርቁ የበለጠ ክብር ያገኛል።

ሠራተኛውም ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም። የሚፈርምበትን ፔይሮል በስልኩ ፎቶ ያንሳ። ደመወዙ ከተጻፈው በላይ ከሆነ በባንክ እንዲገባለት ይጠይቅ፤ የባንክ መግለጫ ከምስክር ይሻላል። ጉዳት ከደረሰበት በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ለአሠሪው ያሳውቅና የደረሰበትን ቅጂ ይያዝ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር፣ ሌላው የሥራ ክርክር በመርህ ደረጃ በአንድ ዓመት በይርጋ እንደሚታገድም ይወቅ። «ሲሻለኝ እጠይቃለሁ» ያለ ብዙ ሰው ሲሻለው መብቱ አልፎት ይገኛል።

በመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ አረርቲ በቤተ ክርስቲያን ግንባታ ላይ የነበረ የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ከ30 በላይ ምዕመናን ሲሞቱ አገር ደነገጠ። የሰማነው ብዙ ሰው በአንድ ቀን፣ በክብረ በዓል ላይ ስለሞተ ነው። በዚያው ዓይነት መወጣጫ ላይ በተራ ማክሰኞ አንድ በአንድ የሚወድቁትን ግን የሚቆጥርልን የለም፤ ባለመቆጠራቸውም መወጣጫው እንዴት መታሰር እንዳለበት፣ ስንት ሰው መሸከም እንደሚችል የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ አይመጣም።

የተባለው መስመር በፔይሮሉ ግርጌ ቢጨመር መጀመሪያ የሚታየው መጥፎ ዜና ይሆናል። በወልቂጤና በቡታጅራ የሥራ ላይ ጉዳት ቁጥር በድንገት ያሻቅባል፣ ኃላፊዎች በስብሰባ ላይ ይጠየቃሉ፣ ቁጥሩን ለማሳነስ የሚፈተንም ይኖራል። ያኔ መታወስ ያለበት፣ ያሻቀበው ጉዳቱ ሳይሆን የታወቀው ጉዳት መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከፍተኛ ቁጥር ያመጣ ዞን ሊወቀስ አይገባውም፤ መጠየቅ ያለበት ዜሮ ይዞ የመጣው ነው።